ዱፕሌክስ ገዝቶ ግማሹን ማከራየት፦ ስሌቱ የሚሰበረው የት ላይ ነው?

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ይቺ ምክር አትጠፋም። «ለምን ኪራይ ትከፍላለህ? ዱፕሌክስ ግዛ፣ ታች ኑር፣ ላይኛውን አከራይ፣ ተከራዩ ሞርጌጅህን ይከፍልልሃል።» ዱፕሌክስ ሁለት መኖሪያ ያለው ሕንፃ ነው፣ ሞርጌጅ ደግሞ የቤት ብድር። ክርስትና ላይ ትነሳለች፣ ለቅሶ ቤት ቡና ላይ ትነሳለች። ዩቲዩብ ላይማ «ሃውስ ሃኪንግ» የሚል ስም ወጥቶላት ከነሙዚቃዋ ትቀርባለች።

ምክሯ ውሸት የለባትም። ግን ጊዜ አላት። በድፍረት የሚመክረው ሰው ብዙውን ጊዜ በ2020 ወይም በ2021 የገዛ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በጃንዋሪ 2021 የ30 ዓመት ቋሚ ወለድ በአማካይ 2.65 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በታሪክ ዝቅተኛው ነው። በኦክቶበር 2023 ያው ወለድ 7.79 በመቶ ገባ። ከዚያ ወዲህም ባብዛኛው ከ6 እስከ 7 በመቶ መሃል ሲመላለስ ቆይቷል። ያ ሰው የሚነግራችሁ በራሱ ያየውን ነው፣ አልዋሸም። እናንተ የምትፈርሙት ወለድ ግን የእሱ ወለድ አይደለም።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያጓጓ እንይ። ሊያከራይ ብቻ ቤት የሚገዛ ሰው ባንኩ ከ15 እስከ 25 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ይጠይቀዋል። እዚያው የሚኖር ከሆነ ግን ነገሩ ይቀየራል። በኤፍ ኤች ኤ (የፌደራል መንግሥት ዋስ በሚሆንለት) ብድር የክሬዲት ነጥቡ 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው እስከ አራት ቤት ያለውን ሕንፃ በ3.5 በመቶ መግዛት ይችላል። ከባንኮች የቤት ብድር የምትገዛው ፋኒ ሜይም ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ባለቤቱ ለሚኖርበት ከሁለት እስከ አራት ቤት ላለው ሕንፃ 5 በመቶ ይበቃል ብላለች። በፊት ለዱፕሌክስ 15 በመቶ ነበር የምትጠይቀው። ኤፍ ኤች ኤ በምላሹ የሚፈልገው በ60 ቀን ውስጥ ገብታችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት እንድትኖሩበት ነው። ለመግባት ሳያስቡ «እኖርበታለሁ» ብሎ መፈረም ማጭበርበር ነው። አንዳንዱ እንደ ቀልድ ያየዋል፣ የፌደራል ወንጀል ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለምሳሌ የተያዙ ናቸው፣ የራሳችሁን እያስገባችሁ አንብቡት። ቤቱ 400,000 ዶላር ይሁን። በ3.5 በመቶ 14,000 ትከፍላላችሁ። ብድሩ 386,000 ነው። ኤፍ ኤች ኤ በዚህ ላይ 1.75 በመቶ የመነሻ ኢንሹራንስ ይጨምራል፣ አብዛኛው ሰው ብድሩ ውስጥ ስለሚከተው 392,755 ይሆናል። በ6.5 በመቶ ወለድ የወሩ ክፍያ ወደ 2,482 ዶላር ይመጣል። ወርሃዊው የሞርጌጅ ኢንሹራንስ 177 ነው። ዳውን ፔይመንቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ይሄ ኢንሹራንስ ብድሩ እስኪያልቅ አብሯችሁ ይኖራል። የንብረት ግብር 450፣ የቤት ኢንሹራንስ 250፣ ውሃና ቆሻሻ 150 እንበል። ሲደመር 3,509።

እዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ይደምራል። ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጣዩን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በእንጨት የተሠራ ቤት በየወሩ ገንዘብ ይበላል። ለጥገና 300 አስቀምጡ። ይቺ እጅግ ለዘብ ያለች ቁጥር ናት። ድምሩ 3,809 ሆነ።

ላይኛው ፎቅ በ1,500 ቢከራይስ? በዓመት አንድ ወር ባዶ ይቀመጣል ብላችሁ አስቡ፣ በወር 1,375 ይቀራል። ከእናንተ ኪስ የሚወጣው እንግዲህ 2,434 ዶላር ነው። «ሞርጌጁን ይከፍልልሃል» የተባለው ተከራይ ከወጪው ከሲሶው ብዙም ያልዘለለ ነው የሸፈነው።

ባንኩም ይህን ያውቃል። ብድር ሲፈቅድ የሌላኛውን ፎቅ ኪራይ እንደ ገቢ ቢይዝላችሁም የሚቆጥረው 75 በመቶውን ብቻ ነው። አንድ አራተኛው ገና ከመነሻው እንደሌለ ይታሰባል። ገንዘቡን የሚያበድረው አካል እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ ዕዳውን የሚሸከመው ሰው ሙሉውን 1,500 ቆጥሮ መፈረሙ ይገርመኛል።

ያንኑ ቤት በ3 በመቶ ወለድ እንየው፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ። የወሩ ክፍያ ወደ 1,656 ይወርዳል። በወር የ827 ዶላር ልዩነት ነው። ከኪስ የሚወጣው 1,607 ይሆናል፣ ከዚያም ላይ በመጀመሪያው ወር እንኳ 674ቱ ዋናውን ዕዳ ነው የሚቀንሰው። ጎረቤታችሁ በ2021 ገዝቶ ከኪራይ በታች እየኖርኩ ነው ቢላችሁ እመኑት።

ታዲያ ዛሬ አይገዛ ማለት ነው? ይሄ የሚወሰነው ከምን ጋር እንደምታወዳድሩት ነው። ያንኑ ፎቅ በ1,500 ተከራይታችሁ መኖር ከቻላችሁ ዱፕሌክሱ በወር 934 ዶላር ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ መጀመሪያ አካባቢ 355 ገደማ ዋናውን ዕዳ ስለሚቀንስ የእናንተው ነው፤ ቀሪው 579 ግን የሄደ ነው። አሁን ደግሞ ባልና ሚስቱ «ልጆቹ ጓሮ ያስፈልጋቸዋል» ብለው በ330,000 የአንድ ቤተሰብ ቤት ሊገዙ ነበር እንበል። በዚያው ብድርና በዚያው ወለድ፣ ግብሩን 380፣ ኢንሹራንሱን 180፣ ውሃውን 100፣ ጥገናውን 200 ብንይዝ በወር ወደ 3,050 ዶላር ይወጣቸዋል። ዱፕሌክሱ ከዚህ በ600 ዶላር ገደማ ይረክሳል።

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ዱፕሌክስን ከኪራይ ጋር ካወዳደራችሁት ዛሬ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ከቪላ ቤት ጋር ካወዳደራችሁት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ቤት ለመግዛት የወሰነ ሰው ወጪ መቀነሻ አድርጎ ቢያየው ያዋጣዋል። ርካሽ ኪራይ ላይ ተመቻችቶ የሚኖር ሰው «ኢንቨስትመንት ነው» ተብሎ ከገባበት ግን የተሸጠለት ነገር ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስትወጡ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የተለመደው ዕቅድ «አንድ ዓመት ልኑርበትና ሁለቱንም አከራይቼ ሌላ እገዛለሁ» ነው። በምሳሌያችን ሁለቱም ፎቅ ቢከራይ 3,000፣ ባዶውን ጊዜ ስንቀንስ 2,750። ወጪው 3,809። ቤቱ በየወሩ 1,059 ዶላር ከኪሳችሁ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ፎቅ በ1,900 ቢከራይ እንኳ 326 ይጎድላል። የኤፍ ኤች ኤ ብድር ደግሞ በመርህ ደረጃ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን በዚያው መንገድ መድገም አይቻልም። «ወለድ ሲወርድ ሪፋይናንስ አደርጋለሁ» (ብድሩን በአነስተኛ ወለድ እተካለሁ) የሚለውን ብዙ ሰው ዕቅድ ይለዋል። እኔ ተስፋ ነው የምለው፤ ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነ ግን ቤቱ በዛሬው ወለድ መቆም አለበት።

አሁን ስለ ዳውን ፔይመንቱ። 14,000 ዶላር ብቻ ይመስላል። ክሎዚንጉ (የግዢው ማጠናቀቂያ ወጪ)፣ ቅድሚያ የሚከፈለው ግብርና ኢንሹራንስ ሲጨመር ግን ሌላ 12,000 አካባቢ ቢጠየቅ አይግረማችሁ። በዚያ ላይ ገብታችሁ በሁለተኛው ሳምንት ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር ቢቆምስ? መጠባበቂያ ከሌለ ቤቱን መግዛት የለባችሁም ባይ ነኝ።

ብዙዎቻችን ይሄን ገንዘብ የምናገኘው ከዕቁብ ነው። እዚህ ላይ ጥሩ ዜናም መጥፎ ዜናም አለ። ጥሩው፣ የኤፍ ኤች ኤ መመሪያ አባላት በየጊዜው እያዋጡ በተራ የሚወስዱበትን የግል የቁጠባ ማኅበር ያውቃል፣ ገንዘቡንም ይቀበላል። ስሙን ባይጠራውም ዕቁባችን ማለት ነው። መጥፎው፣ ማስረጃ ይፈልጋል። ማኅበሩ መቼ እንደተቋቋመ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ገንዘቡ ለእናንተ መቼ እንደደረሰ በጽሑፍ መታየት አለበት። ጸሐፊው ደብተር ካልያዘና ገንዘቡ በፌስታል ካሽ ከመጣ ባንኩ ስቴትመንታችሁ ላይ ድንገት የገባውን 15,000 ዶላር ጣቱን ቀስሮ «ይሄ ከየት መጣ?» ይላል።

ከሁሉም የባሰው ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ነው። መመሪያው ገንዘቡ የተጠራቀመ እንጂ የተበደራችሁት እንዳይሆን ይጠይቃል። በሦስተኛው ዙር ለወጣለት ሰው ደግሞ አብዛኛው ገና የሚመልሰው ነው። ስለዚህ በዕቁብ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ዕጣውን ወደ መጨረሻው ቢያዞር፣ መዋጮውን በካሽ ከሚሰጥ በቼክ ወይም በባንክ ማስተላለፊያው በዜል ቢከፍል፣ ሲወስድም ወዲያው ባንክ ቢያስገባ ይሻለዋል። ወንድም ወይም አክስት የሚሰጡት ገንዘብም ይሆናል፣ «ስጦታ ነው፣ አይመለስም» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ግን ያስፈልገዋል። ኡበርና ትራክ ለሚነዱት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ባንኩ የሚያየው ጠቅላላ ገቢያችሁን ሳይሆን በሁለት ዓመት የታክስ ወረቀታችሁ ላይ ወጪ ተቀንሶ የቀረውን ነው። ታክስ ለማሳነስ ሁሉንም ወጪ የጻፈ ሰው ብድር ሲጠይቅ ያው ወረቀት ይመሰክርበታል።

ቤቱን ለማየት ስትሄዱ ሳሎኑን ተዉት። ቤዝመንት ውረዱ።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ያለው ዱፕሌክስ ባብዛኛው ላይና ታች ነው፣ ብዙው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆየ። ታች ስትወርዱ የምትፈልጉት ቦይለሩን ነው። አንድ ነው ወይስ ሁለት? አንድ ከሆነ ቱቦው ወደ ሁለቱም ፎቅ ይሄዳል፣ ቴርሞስታቱ ግን አንዱ ቤት ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጃንዋሪ ላይ ታች ያለው ሲበርደው ያሞቃል፣ ላይ ያለው ሙቀቱ ሲያፍነው መስኮት ይከፍታል፣ ቢሉ የእናንተ ነው። የሚኒሶታ ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ሕንፃው ቆጣሪ የሚጋራ ከሆነ ሒሳቡ በአከራዩ ስም መሆን አለበት። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ተከራዩ ሙቀቱን ራሱ የማይቆጣጠር ከሆነ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱ ከ68 ዲግሪ ፋራናይት በታች እንዳይሆን አከራዩ ይገደዳል። ስለዚህ ከውጭ ግድግዳው ላይ ሁለት የጋዝ ቆጣሪ፣ ውስጥ ሁለት የመብራት ፓነል ካያችሁ ከአዲስ ኪችን ይልቅ እሱ ደስ ይበላችሁ። አንድ ብቻ ከሆነ ሻጩን የአሥራ ሁለት ወር የጋዝ ቢል ጠይቁት። የጁላይን ቢል ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ምን እየደበቀ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ቀጥሎ የፍሳሽ ቱቦው። በድሮ ሰፈሮች የሸክላ ቱቦ አለ፣ የዛፍ ሥር ይገባበታል። ከቤቱ እስከ ዋናው መስመር ያለው የባለቤቱ ኃላፊነት ነው፣ መሬት ተቆፍሮ ሲቀየር ዋጋው ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ካሜራ አስገብቶ ማየት የጥቂት መቶ ዶላር ነገር ነው። ሁለቱም ከተሞች ሻጩ ከመሸጡ በፊት የቤት ምርመራ ሪፖርት እንዲያወጣ ያስገድዳሉ፤ ያ ሪፖርት ግን የእናንተን ኢንስፔክሽን አይተካም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ የሊድ (እርሳስ ያለበት) ቀለም ጉዳይም አለ፣ ለተከራያችሁ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለባችሁ።

የቤቱን ዕጣ የሚወስነው ግን ሪልተሩ (የቤት ደላላው) ብዙም የማያነሳው ነገር ነው፤ ቤቱ ያለው ከሁለቱ ከተሞች በየትኛዋ ነው? ሴንት ፖል በኖቬምበር 2021 በሕዝብ ድምፅ የኪራይ ገደብ አጸደቀች። ከሜይ 2022 ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ባለው ተከራይ ላይ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከ3 በመቶ በላይ መጨመር አይቻልም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ለከተማው ማመልከት አለበት። በኋላ በተደረጉት ማሻሻያዎች አዳዲስ ሕንፃዎች ነፃ ወጥተዋል፣ አሮጌው ዱፕሌክስ ግን ገደቡ ውስጥ ነው። ሚኒያፖሊስ እንዲህ ያለ ገደብ አላወጣችም። በሌላ በኩል ሚኒያፖሊስ እዚያው የሚኖረውን የዱፕሌክስ ባለቤት እንኳ ለሚያከራየው ቤት ላይሰንስ ትጠይቃለች።

ይሄ በተግባር ምን ማለት ነው? ማስታወቂያው «የአሁኑ ኪራይ 1,050፣ የገበያው 1,500፣ ገዢው ሊጨምር ይችላል» ሲል ሚኒያፖሊስ ውስጥ ምናልባት እውነት ነው። ሴንት ፖል ውስጥ ግን ያው ተከራይ እስካለ በ3 በመቶ 1,050 ወደ 1,081 ነው የምትደርሰው። 1,500 ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ስሌታችሁን በገበያ ዋጋ ሠርታችሁ ከገባችሁ ገና በመጀመሪያው ወር 450 ዶላር ጎድሎባችኋል።

ከዚህ ጋር የይሉኝታ ነገር ይመጣል። የመጀመሪያው ተከራያችሁ ማን ይሆናል? ብዙ ጊዜ የሚስት ዘመድ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ በቅርቡ የመጣ የአገር ልጅ። «እስክትቋቋም በ900 ኑር» ይባላል። ደግነት ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ሴንት ፖል ውስጥ ያቺ 900 ቀጣዩ ጭማሪ የሚሰላባት መነሻ ትሆናለች። ታክሱም አለ፤ ከገበያ ዋጋ በታች ያከራያችሁባቸውን ቀኖች የፌደራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ እንደ ግል መጠቀሚያ ሊቆጥራቸው ይችላል፣ ያኔ የኪራይ ወጪ ብላችሁ የምትቀንሱት ይቀራል። የጽሑፍ ውል ከሌለስ? ሰውየው ሦስት ወር ሳይከፍል ሲቀር ማን ይጠይቀዋል? የሚኒሶታ ሕግ ኪራይ ያልከፈለን ሰው ፍርድ ቤት ከመውሰድ በፊት የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ያዛል። ዘመድ ላይ ግን ማንም ማስጠንቀቂያ አይጽፍም። ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ደግሞ «ተዉት፣ ሥራ እየፈለገ ነው» ብሎ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

ዘመድ አታስገቡ እያልኩ አይደለም። ውል ጻፉ፣ ኪራዩን በገበያ ዋጋ አድርጉት፣ መርዳት ከፈለጋችሁ ለብቻው እርዱ።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ «ለሐበሻ ብቻ» የሚል የኪራይ ማስታወቂያ በየቀኑ ይታያል። ከተከራዩ ጋር አንድ ግድግዳ ስለምትጋሩ የሚገባ ምኞት ይመስላል። በ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ባለቤቱ የሚኖርበት እስከ አራት ቤት ያለው ሕንፃ የተወሰነ ነፃነት ተሰጥቶታል፣ ይሄን የሰሙ ሰዎች ያወሩታል። ያ ነፃነት ግን ማስታወቂያን አይጨምርም። ዘርን፣ ትውልድ አገርን ወይም ሃይማኖትን የሚመርጥ ማስታወቂያ ለማንም አልተፈቀደም። በዘር ምክንያት አላከራይም ማለት ደግሞ ከ1866 ጀምሮ ባለ ሌላ ሕግ ያለ ምንም ልዩነት የተከለከለ ነው። የተለጠፈችው ማስታወቂያ ስክሪንሹት ሆና ትቀመጣለች።

ስለ ታክስ በአጭሩ። ኪራዩ ገቢ ነው፣ ስኬጁል ኢ በሚባለው የታክስ ቅጽ ላይ ይገባል። «በካሽ ነው የሚከፍለኝ» የሚል ሰው ሚኒሶታ ውስጥ መደበቂያ የለውም። አከራይ በየዓመቱ እስከ ጃንዋሪ 31 ተከራዩ የከፈለውን ኪራይ የሚያሳይ ወረቀት መስጠት አለበት፣ ተከራዩም የኪራይ ክሬዲቱን (የታክስ ተመላሹን) የሚያገኘው በዚያ ነው፤ ይጠይቃችኋል። ጥቅሙም ጥሩ ነው። የሚከራየው ግማሽ ዋጋ በ27.5 ዓመት ተከፋፍሎ በእርጅና ይቀነሳል። ሕንፃው ያለ መሬቱ 320,000 ቢገመት የግማሹ ቅናሽ በዓመት ወደ 5,818 ዶላር ነው። የላይኛው ፎቅ ጥገና ሙሉ በሙሉ፣ የጣሪያው ደግሞ በግማሽ ይያዛል። ስትሸጡ ግን ለላጤ 250,000፣ ለባልና ሚስት 500,000 ድረስ ትርፉን ከታክስ ነፃ የሚያደርገው ሕግ የሚሠራው እናንተ ለኖራችሁበት ግማሽ ብቻ ነው። በእርጅና የቀነሳችሁትም እስከ 25 በመቶ ታክስ ይመለስበታል። የመጀመሪያውን ዓመት ታክስ በደንብ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ጉልበቱም ይቆጠር። በረዶ ሲጥል ሚኒያፖሊስ ውስጥ የዱፕሌክስ ባለቤት የእግረኛ መንገዱን በ24 ሰዓት ውስጥ መጥረግ አለበት። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት የሚነዳ ሰው ማን እንደሚጠርግለት ከመግዛቱ በፊት ቢያስብ ይሻላል። ባለሙያ በጠራ ቁጥር ያቺ 300 ዶላር ታልቃለች። በአንጻሩ እጁ ሥራ የሚያውቅ፣ ቧንቧ መቀየር የማይፈራ ሰው ከዱፕሌክስ የሚያገኘው ትርፍ በብዛት የሚመጣው ከዚያው ከእጁ ነው።

ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ሁለቱም ፎቅ በተከራይ የተያዘ ከሆነ ውሉ ከቤቱ ጋር ወደ እናንተ ይተላለፋል፣ ሊዙ እስኪያልቅ ልታስወጧቸው አትችሉም። ባንኩ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ግቡ ብሏል። ስለዚህ የሁለቱን ውል ቅጂ ጠይቁ፣ የሚያልቁበትን ቀን እዩ፣ አንደኛው ፎቅ በክሎዚንግ ቀን ባዶ እንዲሆን በግዢው ውል ላይ አስጽፉ። የተከራዩ ዲፖዚትም ከሻጩ ወደ እናንተ መተላለፉን ክሎዚንግ ወረቀቱ ላይ ፈልጉ። ሰውየው ሲወጣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከነ1 በመቶ ወለዱ የሚመልሰው አዲሱ ባለቤት ነው።